«ጥርሱ ካላለቀ ጎማ ጎማ ነው» ላሉት ወንድማችን፦ ስለ አሮጌ ፒክአፕ ቸርኬና ጎማ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አሮጌ ፒክአፕ ያለን ሰዎች አንድ ጽሑፍ እየተቀባበልን ስናነብ ሰነበትን። የድሮ ላንድክሩዘር ቸርኬና ጎማ በትንሽ ወጪ እንዴት እንደሚታደስ የሚያስረዳ ነው። ጸሐፊው የመኪና ፍቅር እንዳላቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እኔንም ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው። ብዙ ሰው አምኗቸው ምክራቸውን ሊሠራበት ነው።

ላላነበባችሁ ባጭሩ እንዲህ ይላሉ። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ዕድሜው አያሳስብም፤ ስንጥቁን በጎማ ቀለም መሸፈን ነው። የዛገ ቸርኬ የባትሪ አሲድ ውስጥ ይደር። የተሰነጠቀው ይበየድ፣ በስቱኮ ይደፈን፣ ወፍራም ቀለም ይቀባ። ባለ ቀለበት ቸርኬን፣ ማለትም ጎማውን በአንድ ጎኑ የሚይዘው ጠርዝ የሚወልቅ የብረት ቀለበት የሆነውን፣ በመዶሻና በብረት እቤት መግጠም ይቻላል። ፊት ራዲያል (የውስጥ ክሩ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የተዘረጋ)፣ ኋላ ናይለን ጎማ (ክሩ በሰያፍ የተደራረበ) ይታሰር። የጣርማበርን ቁልቁለት ከመውረድ በፊት ደግሞ ከየጎማው 10 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይልቀቅ።

የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። መኪናዋ የአባቴ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1982 ሥሪት ላንድክሩዘር ኤችጄ47፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ። ከመሐል ሜዳ ገብስና በግ ስታመላልስ ኖራ ጡረታ ወጥታ ነበር። ጎማዋ 7.50-16 ነው፤ ቸርኬዋም ባለ ቀለበት። ሞተሯን አስነስቼ ወደ እግሯ ስመለስ፣ እንደ ጸሐፊው እኔም ከቀለም ነበር የጀመርኩት። ሁለት ቸርኬ ፏ አድርጌ ከቀባሁ በኋላ ነው ከውስጥ መጀመር እንደነበረብኝ የገባኝ። መልሼ ላጥኳቸው።

በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የመጀመሪያውን የብረት ቸርኬ ጥላችሁ የሚያብረቀርቅ አሎይ ቸርኬ አትግዙ ይላሉ። እውነት ነው። የድሮ መኪና መልኳ ግማሹ ቸርኬዋ ላይ ነው። ሰፊ ጎማ ለማስገባት ብሎ ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ቁራጭ ብረት) መደርደርም ኩሽኔታውን ከታሰበለት በላይ ያስጨንቃል።

አሁን ወደማልስማማበት ልምጣ።

«ጥርሱ ካላለቀ ጎማ ጎማ ነው።» ጎማ በሁለት መንገድ ነው የሚያልቀው። አንዱ አስፋልት ላይ ተፍቆ ነው። ሌላው ቆሞ ነው። ላስቲኩ በፀሐይና በአየር ውስጥ ባለው ኦዞን እየደረቀ ይሰነጣጠቃል። እኛ አገር ይሄ ይብሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል እንጂ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጎጂው ጨረር ይበረታል። ግቢ ውስጥ ዓመታት የቆመ ፒክአፕ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ እንደ ደረቀ የዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ የምታገኙት ለዚህ ነው። ቀለም ስንጥቁን ይደብቀዋል፤ አይደፍነውም። ከደበቀው በኋላ ደግሞ እያደገ መሆኑን የምታዩበት መንገድ የለም።

ስለዚህ ከጥርሱ በፊት ቁጥሩን እዩ። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። 3208 ማለት በ2008 32ኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው! አንድ ጎረቤቴ ያገለገለ ጎማ ሊገዛ ሄዶ 08ን በእኛ 2008 ዓ.ም. ብሎ አነበበው። በአንድ ንባብ ጎማውን በሰባት ስምንት ዓመት ወጣት አደረገው። ሻጩም አላረመውም። ብዙ የጎማ አምራቾች ከተሠራ 10 ዓመት የሞላውን ጎማ፣ መልኩ ምንም ቢያምር፣ ቀይሩት ይላሉ። ቀድማችሁ ቀይሩ የሚሉ የመኪና አምራቾችም አሉ። ጥርሱ ተለክቶ 8 ሚሊ ሜትር ቢወጣ ይሄን አይለውጠውም።

ባትሪ አሲዱ ላይ ብዙ አልቆይም። አሲዱ ዝገቱን ይበላል፣ ልክ ናቸው። ችግሩ ዝገቱን በልቶ ሲጨርስ አያቆምም። ቸርኬው ሁለት ቁራጭ ብረት ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። አሲዱ በመጋጠሚያው ገብቶ ይቀመጣል። ከላይ ታጥቦ ቀለም ከተቀባ በኋላ ከውስጥ መብላቱን ይቀጥላል። ቀለበቱን አሲድ ውስጥ መንከር ደግሞ ከዚያም ይከፋል። ቀለበቱ እንደ ስፕሪንግ የሚለጠጥ ጠንካራ ብረት ነው። እንዲህ ያለ ብረት አሲድ ውስጥ ሲያድር ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ ይገባና በቀላሉ ተሰባሪ ያደርገዋል። ላይ ላዩን ምንም አይታይበትም። የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ይበቃሉ፤ በአሸዋ የሚያስነፋ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የእኔን የመጀመሪያ ቸርኬ ስፍቅ ከፍላፑ (ከመነዳሪውን ከቸርኬው የሚለየው የላስቲክ ቀበቶ) ስር የወጣው ዝገት አንድ ጣሳ ይሞላ ነበር። ቡናማ ዱቄት ነው፤ ስትነኩት ይቦናል። ከመነዳሪውን ውስጥ ውስጡን ሲበሳው የኖረው እሱ ነበር።

ወደ ስንጥቁ ልሂድ። ጸሐፊው የተሰነጠቀ ቸርኬ ይበየድ ብለዋል። በመጀመሪያ ስንጥቁን ማግኘት እንዴት እንደሚቻል ቢነግሩን ጥሩ ነበር፤ ምክንያቱም አደገኛው በዓይን የማይታየው ነው። እኔ አንድ አዛውንት ጎሚስታ ያሳዩኝን ላካፍላችሁ። ቸርኬውን እስከ ብረቱ ድረስ አጸዳሁ። ላምባ በጨርቅ ነክሬ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ፣ የቫልቮላውን ቀዳዳና ቀለበቱ የሚቀመጥበትን ቦይ ቀባሁ። ትንሽ ቆይቼ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጌ አደረቅሁት። ከዚያ ጠመኔ ፈጭቼ በስሱ ነሰነስኩበት። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። «ጋሼ፣ ምንም የለውም» ልል ስል በኋላ ቀኝ ቸርኬ ላይ፣ ከአንዱ የቡሎን ቀዳዳ ጫፍ፣ ነጩ ጠመኔ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ብቅ አለ። የገብስ ፍሬ ታህላለች። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ላምባ ጠመኔው ስቦት ተመልሶ ሲወጣ ነው። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና «ይቺ ሰው ትገድላለች» አሉኝ። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ይቺን ቸርኬ ነው እንግዲህ በየዳ አድኗት የሚሉን። የባለ ቀለበት ቸርኬን ማንኛውንም ክፍል መበየድ፣ በእሳት ማሞቅ፣ የጎበጠውን ቀጥቅጦ ማቃናት ክልክል ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ይሄንኑ በግልጽ ይከለክላል። ብየዳው የነካው አካባቢ ይደርቃል፤ አዲሱ ስንጥቅ ከብየዳው ጠርዝ ይጀምራል። ጎማ እንደታሰረ መበየድ ደግሞ እንኳን ሊሞከር ሊታሰብም አይገባም። ሙቀቱ ውስጥ ያለውን ላስቲክ አቃጥሎ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጎማው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። የተሰነጠቀ ቸርኬ ዕጣው አንድ ነው፤ ማንም አንስቶ እንዳይገጥመው ለሁለት ተቆርጦ ለቁራሌው ይሰጣል። የእኔንም እንደዚያ አደረግሁ። ከአባቴ መኪና አንድ ነገር ቆርጬ ስጥል የመጀመሪያዬ ነበርና ሆዴን ባር ባር አለው። ግን አደረግሁት።

ወፍራም ቀለሙ ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። ጸሐፊው ሦስት እጅ ቀለም ሁሉም ቦታ ይቀባ ብለዋል፤ ዳዶው የሚቀመጥበትንም ጨምሮ። የዳዶው መቀመጫና ቸርኬው ከፍሬኑ ታምቡር ጋር የሚነካካበት ፊት ብረት ለብረት መገናኘት አለባቸው። ወፍራም ቀለም መሃል ከገባ ስትነዱ ይጨፈለቃል። ዳዶው ባይዞርም ይላላል። መቀመጫዎቹን ስስ አንቲ ረስት ብቻ አስነኩና ተዉት። ስቱኮ የሚባል ነገር ቸርኬ ላይ አይድረስ። ከገጠማችሁ በኋላ ዳዶዎቹን ፊት ለፊት እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ደርሼ ስመለስ አጠብቃለሁ።

አሁን በጣም ወዳስቆጣኝ ነጥብ መጣሁ።

ጸሐፊው ባለ ቀለበት ቸርኬን «ሁለት ብረትና አንድ መዶሻ ይበቃዋል፤ ፍርሃቱ የጎሚስታዎች ማስፈራሪያ ነው» ብለዋል። ወንድሜ፣ ይሄን ቃል እባክዎ መልሱት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጎማው በ40 ፒ.ኤስ.አይ ሲሞላ በእያንዳንዱ ካሬ ኢንች ላይ 18 ኪሎ ያርፋል። የ7.50-16 ጎማ ጎን ስፋቱ ከ200 ካሬ ኢንች ይበልጣል። ስለዚህ ጎኑን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከ3 ቶን በላይ ነው። ይሄን ገፍቶ እንዳይወጣ የያዘው ያ ቀለበት ነው። ቦዩ ውስጥ ዝገት ካለ፣ ቀለበቱ ከጎበጠ፣ ወይም ከሌላ ቸርኬ የመጣ ከሆነ የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም።

እኔ ስለዚህ በወሬ አይደለም የምናገረው። መኪናዋን ማደስ በጀመርኩ ሰሞን አንዱን ጎማ ያቀረብኩት መንገድ ላይ ወዳገኘሁት ጎሚስታ ነበር። የሚሠራው ልጅ ገና ወጣት ነው። ንፋስ እየሞላ ቀለበቱ በአንድ በኩል ብድግ እንዳለ አየና በመዶሻ መታው። ጎማው ንፋስ አለው! የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቀለበቱ ወጥቶ የጣራውን ቆርቆሮ ቀዶት ሄደ። ልጁ በመዶሻው ለመምታት ወደ ጎን ዞር ብሎ ስለነበር ተረፈ። ፊት ለፊቱ ቢጎነበስ ኖሮ ዛሬ ይሄን የምጽፈው በሌላ ልብ ነበር። እጁ እየተንቀጠቀጠ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ውሃ አጠጣነው። ማንም ያስተማረው አልነበረም፤ ሲሠሩ ያያቸው ሰዎች እንደዚያ ነበር የሚሠሩት።

ልክ የሆነው አሠራር እንደሚከተለው ነው። መኪናዋ በክሪክ ሳትነሳ ታኮ ይደረግላታል። ዳዶ ከመነካቱ በፊት የቫልቮላው ውስጠኛ መርፌ ይወልቅና ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ቀዳዳው በቆሻሻ አለመደፈኑን በቀጭን ሽቦ ያረጋግጡ። ቀለበቱ ከወጣ በኋላ ቦዩ እስኪያበራ ይጸዳል። ከመነዳሪና ፍላፕ አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌ ፍላፕ ጠርዙ ደርቆ ከመነዳሪውን ይቆርጠዋል። ታልክ ፓውደር ነስንሱበት፤ እንዳይጣበቅና እንዳይታጠፍ ይረዳል። ከዚያ ጎማው የብረት ፍርግርግ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነው የሚነፋው። መጀመሪያ ጥቂት ንፋስ ብቻ። ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል ቦዩ ውስጥ ተቀምጧል ወይ? ካልተቀመጠ ንፋሱ በሙሉ ይወጣል፣ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ንፋስ ባለበት መዶሻ አይነሳም። የሚነፋው ሰው ረጅም ቱቦ ይዞ ወደ ጎን ይቆማል እንጂ ፊት ለፊት አይጎነበስም። ንፋሱ አንሶ ሲነዳ የቆየ ጎማም መኪናው ላይ እንዳለ ዝም ብሎ አይሞላም፤ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ታይቶ ነው። ሳጥን የሌለው ጎሚስታ ጋ ባለ ቀለበት ጎማ አታስሠሩ። እኔ አሁን ደንበኛ የሆንኩት ጋሼ ዘንድ ነው፤ ሳጥኑን ራሳቸው አስበይደው ነው የሠሩት።

አምስተኛው ምክራቸው ፊት ራዲያል፣ ኋላ ናይለን የሚለው ነው። ምክንያታቸው መሪው ይቀላል፣ ናይለኑ ጭነት ይችላል የሚል ነው። መሪው ይቀላል፣ አዎ። ግን ራዲያሉ ፊቱን አጥብቆ ሲይዝ ናይለኑ ኋላውን ቀድሞ ይለቃል። መኪናዋ መታጠፊያ ላይ ቂጧን ትጥላለች። የሁለቱ ዓይነት ድብልቅ ካሉት ሁሉ መጥፎው ይሄኛው ነው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ያለውን መንገድ የነዳ ያውቀዋል። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ከቆፈሩት ዋሻ ስትወጡ ብዙ ጊዜ ጉም ይቀበላችኋል። አስፋልቱ እርጥብ ነው። መታጠፊያው መታጠፊያ ይወልዳል። እዚያ ላይ ባዶ ፒክአፕ፣ ኋላው ቀሎ፣ ናይለን ጎማ ታስሮለት! አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ራዲያል ከመረጣችሁ ከመነዳሪውም ለራዲያል የሚሆን ይሁን፤ የናይለኑ ከመነዳሪ የራዲያሉን መለጠጥ አይችልም።

ንፋስ የመልቀቁን ነገር ከሾፌሮችም ሰምቼዋለሁ። «ቆላ ስትወርድ ጎማ ያብጣል» ይባላል። ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ሙቀት ንፋስን ያሳብጣል። ግን ሌላ ነገርም አለ። ወደ ታች ስንወርድ የውጪው አየር ራሱ ይከብዳል፣ ጎማውን ከውጪ ይጫነዋል። ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋቱ 8 ዲግሪ ብርድ 40 ፒ.ኤስ.አይ የሞላችሁት ጎማ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት በ30 ዲግሪ ሙቀት ቆሞ ቢለካ 42 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ሙቀቱ የጨመረውን ግማሽ ያህሉን የአየሩ ክብደት መልሶ ወሰደው። መንገዱ ራሱ የሚያሞቀው ይጨመርበታል፤ እሱን ደግሞ አምራቹ አስቀድሞ አስቦበታል። የመኪናው መመሪያ ላይ ያለው ልክ በቀዝቃዛ ጎማ የሚለካው ለዚህ ነው።

10 ፒ.ኤስ.አይ ከለቀቃችሁ ምን ይሆናል? ጎማው ጎኑ ይተጣጠፋል። መተጣጠፉ ራሱ ከአየሩ ሙቀት በላይ ያሞቀዋል። በዚያ ላይ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እየያዛችሁ ነው፤ የታምቡሩ ሙቀት ወደ ቸርኬው ይሄዳል። ባለ ቀለበት ቸርኬ ከሆነ ቀለበቱን ቦታው ላይ ተጭኖ የያዘው ንፋሱ ስለነበር እሱም ይላላል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ። ፍሬኑን አሳርፉት። ጎማው አገልግሎቱን ያውቃል።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልበል። ጸሐፊው ይሄን ሁሉ የጻፉት ሰው ገንዘብ የለውም ብለው ተጨንቀው ነው። እኔም የለኝም። አምስት ቸርኬና አምስት ጎማ በአንድ ጊዜ መግዛት አልቻልኩም። አራቱን በሁለት በጋ ነው የጨረስኩት፤ መጀመሪያ ሁለቱን የፊት፣ ቀጥሎ ሁለቱን የኋላ። እስከዚያ መኪናዋ በታኮ ቆማ ጠበቀች። ቀለሙን ለመጨረሻ አቆየሁት። ቀለም ርካሽ ነው፣ በማንኛውም ቅዳሜ ይቀባል።

ጽሑፉ ስለ መጠባበቂያ ጎማ አንድም ቃል የለውም። ከጫኚው ወለል ስር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ የሚኖረውን ማለቴ ነው። ጭቃ፣ አቧራና ውሃ ሲጠጣ የሚኖር እሱ ነው፤ ማንም አይቶት አያውቅም። የእኔን ባለፈው እሑድ አወረድኩት። ሰንሰለቱ ዝጎ ስለነበር ናፍጣ ቀብቼ አሳድሬው ነው የተላቀቀው። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ነው። መንገድ ነክቶ የሚያውቅ አይመስልም። ጎኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ቁጥሩን ፈለግሁ። አራት አሃዝ ጠብቄ ሦስት አሃዝ አገኘሁ። ሦስት አሃዝ ያለው ጎማ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። አባቴ በዚህ ጎማ ተማምኖ ስንት ጊዜ ጣርማበርን እንደወጣና እንደወረደ አሰብኩ። ቸርኬው ገና አልተፈተሸም። ላምባውና ጠመኔው ተዘጋጅቷል፤ ቅዳሜ ጋሼ ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ።